«የለም» ባዩ ኮምፒውተር

ከሰው ጋር ብጣላ ይሻለኝ ነበር። ጭሮ ውስጥ ከሰው ተጣልቶ መሰንበት አይቻልማ! ገና ስድቡን በወጉ ሳትጨርሱት ሽማግሌ ከዚህም ከዚያም ይሰበሰባል፣ «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ይባላል፣ ተሳስማችሁ ትለያያላችሁ፣ አለቀ። ከኮምፒውተር ጋር የተጣላን ሰው ግን ማን ያስታርቀዋል? ሽማግሌ ብልክስ ማንን ያናግሩልኛል? እኔ ደግሞ የተጣላሁት ከኮምፒውተሩ ጋር እንኳ አይደለም፤ ውስጡ ተሸሽጎ ከተቀመጠ፣ ሊንከር ከሚባል አንድ ክፉ ፍጡር ጋር ነው። እስከ ዛሬ አልታረቅንም። 

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰናይት የምትባል ታናሽ እህት አለችኝ። ሰናይት ዓይነ ስውር ናት። ፊደል ከቆጠረችበት ጊዜ አንስቶ ኮሌጅ እስክትጨርስ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ማንበብ ስላችሁ ደግሞ የትምህርት መጽሐፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የግድግዳ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ስልኳ ላይ የሚገባ መልእክት፣ ሁሉም በእኔ አፍ ነው የሚያልፈው። ሰፈሩም ቢሆን «የሰናይት አንባቢ» ነው የሚለኝ። አንዳንዴ ሲሰለቸኝ አንድ ሁለት መስመር ዘልዬ እሄዳለሁ፤ እሷ ግን ወዲያው ትነቃብኛለች። «ይቺ ነገር መሀሏ ጎደለብኝ፣ እስቲ መልሳት» ትለኛለች። ጆሮዋ ጉድ ነው።

ሰናይት ለአንድ መሥሪያ ቤት አመለከተች። የመጀመሪያውን ፈተና አለፈች። ከዚያ ኃላፊው ጠርቶ እንዲህ አላት፦ «ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ነይ። አማርኛ ደብዳቤ በፍላሽ እንሰጥሻለን፣ ያለ ሰው አንብበሽ መልሱን ትጽፊያለሽ። ከቻልሽ ሥራው ያንቺ ነው። አጠገብሽ የሚያነብልሽ ሰው ይቀመጥ ከተባለ ግን ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው አንቀጥርም።»

እናታችን ይህን ስትሰማ፣ «ታዲያ ምን ችግር አለ? ወንድምሽ አለልሽ አይደል?» አለቻት።

«ችግሩማ እሱ ነው» አለች ሰናይት።

አያናድድም? ግን እውነቷን ነው።

የሰናይት ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ አንድ ዘመዳችን በቃኝ ሲል የሰጣት። ውስጡ እንግሊዝኛ የምታነብ ሴትዮ አለች። ሴትዮዋ እንግሊዝኛ ስታገኝ ውሃ ናት፤ የእኛን ፊደል ስታይ ግን እንዳኮረፈ ሰው ዝም! አማርኛ የሚያነብ ፕሮግራም መኖሩን አውቃለሁ፤ ደግ ሰዎች ሠርተው በነጻ ሰጥተውታል። ግን የሰጡት ጥሬውን ነው። የጻፉትን ትወስዱና በየራሳችሁ ማሽን ላይ ገንብታችሁ ፕሮግራም ታደርጉታላችሁ።

«እኔ እገነባልሻለሁ። ቅዳሜ ምሳ ሳንበላ ያልቃል» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው!

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ ልናገር። የተማርኩት ኮምፒውተር ነው። ጭሮ «ኢንጂነር» ይለኛል። ኢንጂነር ማለት ጭሮ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ ሲበላሽ የሚጠራ ሰው ማለት ነው። ዲሽ አዙሬያለሁ። የባጃጅ ቴፕ ሠርቻለሁ። ቀለሙን የተፋ ፕሪንተር ለማየት በደሳ ድረስ ተጠርቼ፣ ወረቀቱ ተቆልምሞ እንደገባ አግኝቼ፣ ስቤ አውጥቼ ተመልሻለሁ። አንዱ ደግሞ ፍሪጅ ይዞልኝ መጣ። ፍሪጅ! «ኢንጂነር አይደለህ እንዴ?» አለኝ። ብቻ ተዉት፣ ስለ ፍሪጁ ካነሳሁ አንጨርስም።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። ግንባታው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሰዎቹ የጻፉት እያንዳንዱ ፋይል ወደ ማሽን ቋንቋ ይለወጣል። ይሄ ጥርት ብሎ ሄደ። ፋይል በፋይል ላይ እየተከታተለ ሲያልፍ እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። እሷም ምንም ሳይገባት «ጎሽ» አለችኝ። ሁለተኛው ደረጃ የተለወጡትን ሁሉ አገናኝቶ አንድ ማድረግ ነው። ሊንከር የሚባለው ጉደኛ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

የፕሮግራም ጸሐፊ ሁሉን ነገር ራሱ አይጽፍም። ድምፅ ለማውጣት፣ ፊደል ለመለየት፣ ሌሎች ቀደም ብለው ሠርተው ያስቀመጡት ይኖራል፤ ይህ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሥራ ላይብረሪ ይባላል። ፕሮግራሙ መሀል ላይ ሲደርስ «ይህን የሚሠራልኝ እገሌ ነው» ብሎ ስም ጠርቶ ያልፋል። ሊንከር ደግሞ ፍርድ ቤት ዋስ እንደሚጠራ ሰው ስሞቹን ይዞ ይቆምና «እገሌ የታለ?» ይላል። እገሌ ከተገኘ ያገናኛል። ካልተገኘስ? ካልተገኘማ ያዙኝ ልቀቁኝ ነው።

«አንዲፋይንድ ረፈረንስ!» አለች ሴትዮዋ።

ኮምፒውተሩ የሰናይት ስለሆነ የሚጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። ስሙ የተጠራ ነገር አለ፣ ባለቤቱ ግን የለም ማለቷ ነው። ቀጠለች። «አንዲፋይንድ ረፈረንስ! አንዲፋይንድ ረፈረንስ!» ገጹ ሞላ፣ ሌላ ገጽ ሞላ፣ እሷ እቴ! እንዲያው በትሕትና፣ በለሰለሰ ድምፅ «የለም፣ የለም፣ የለም» ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ መልስ እሰጣት ነበር። ጨዋ ሆኖ የሚያቃጥል ሰው ነው እኔን የሚገድለኝ።

የአጥር ጎረቤታችን ሐጂ ሙሜ ድምፁን ሰምተው፣ ጫታቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ከዙሁር ሶላት በኋላ የጫት በርጫቸው እኛ በረንዳ ላይ ነው።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ? ቤት ውስጥ ፈረንጅ ገባ እንዴ?» አሉ።

«ኮምፒውተሩ ነው ሐጂ። እርስዎ ይቀመጡ» ብዬ ተነሳሁላቸው።

«ሴትዮዋ ምን ትላለች?»

«ስም ተጠርቷል፣ ባለቤቱ የለም ነው የምትለው።»

«ታዲያ ጥራላታ!»

«ከየት አምጥቼ ልጥራ ሐጂ?»

«ወላሂ አንተ ቁጡ ነህ። ሰው ሲጠራ በቁጣ አይደለም» ብለው ጫታቸውን መቀንጠስ ጀመሩ።

እናቴ በበኩሏ አጥፍቼ እንዳበራው መከረችኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። «የለም» አለች። እናቴ ጠርሙስ ይዛ መጣች። «ትንሽ ጸበል ላርከፍክፍበት።»

«እማዬ፣ ውሃ ኮምፒውተር ያቃጥላል!»

«ጸበል ነው አልኩህ እንጂ መቼ ውሃ ወጣኝ?»

ጠርሙሱን ለመቀማት የተደረገውን ትግል አልነግራችሁም።

የጎደለውን ላይብረሪ ከኢንተርኔት ላወርድ ብል ኢንተርኔት የለም፤ ስልኩ ይደውላል እንጂ ዳታ አይከፍትም። ጠዋት ነበር፣ እኔ ስፈልገው ጠፋ። ጣራ ላይ ሁሉ ወጥቻለሁ። በመጨረሻ ድሬዳዋ ለሚኖረው ለአብሮ አደጌ ለኑረዲን ደወልኩ፤ እሱም የኮምፒውተር ሰው ነው። «አለኝ፣ በፍላሽ አድርጌ በጫት መኪና እልክልሃለሁ» አለኝ። እኛ አገር ዕቃ የሚላከው በጫት መኪና ነው። መድኃኒት ይሁን ጫማ፣ ቁልፍ ይሁን የትምህርት ማስረጃ፣ ለሹፌሩ ይሰጣል፣ ሹፌሩ እንደ ጥይት ይተኮሳል፣ መንገድ ዳር ቆማችሁ ትቀበሉታላችሁ። ጫት ስለሚጠወልግ ማንም አይቀድመውም። ሸምሱ የሚባል ሹፌር ፍላሹን ተቀበለ። እኔም ቅዳሜ ከሰዓት አስፋልት ዳር ቆሜ ጠበቅኩ። ያለፈ መኪና ሁሉ አቧራውን አለበሰኝ፤ ሸምሱ የለም። ብደውልለት፦

«ጭሮ ነህ እንዴ? እኔ ሂርና ላይ ጭኜ ወደ ድሬ ልመለስ ነው! ፍላሽህን ጫት ተራ ከድጃ ጋ አስቀምጬልሃለሁ።»

«ለምን ሂርና?»

«ሂርናም ጭሮም ያው መንገድ ዳር አይደሉም?»

ምን ይባላል? ስልኩን ልወረውረው እጄን አነሳሁና፣ እሱንም የምጠግነው እኔው እንደሆንኩ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

እሑድ ማለዳ በሚኒባስ ሂርና ሄድኩ። ከድጃን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ፍላሹን ለማግኘት ግን፣ አበስኩ ገበርኩ! ከድጃ ጫቷ መሀል ተቀምጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

ነገርኳት።

«በምን ላውቅ? ሰው አደራ አስቀምጦ ለሌላ ሰጥቼ ብገኝስ? ተቀመጥና ሆጃ ጠጣ፣ ሸምሱ ስልኩን ሲያነሳ እጠይቀዋለሁ።»

ሸምሱ ስልክ ያነሳል? እየነዳ ነዋ! እኔ ሆጃ እየጠጣሁ፣ በወተት የተፈላውን የቡና ቅጠል ስኒ በስኒ ላይ እየጨመረችልኝ፣ የአባቴን ዘመዶች እየቆጠርኩላት፣ ፀሐይ አናቴ ላይ ወጣች። በመጨረሻ አጎቴን የምታውቅ ሆና ተገኘች። ፍላሹን ከተጠቀለለ ጫት ሥር በፌስታል እንደታሰረ አወጣችልኝ። እርጥብ ነበር። ቅጠሉ እንዳይደርቅ ውሃ ስትረጭበት እሱንም አብራ አጠጥታዋለች። አመስግኜ፣ ጥርሴን ነክሼ ተመለስኩ።

ፍላሹ ደግነቱ ሠራ። ላይብረሪውን አስገባሁ፣ ግንባታውን አስጀመርኩ፣ ሰናይት አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እናቴና ጫታቸውን የያዙት ሐጂ ሙሜ ከኋላችን ሆኑ። የኮምፒውተሩ ሴትዮ አነበበች፤ ፋይሉ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ማሽን ነው።

ኑረዲን ጋ ደወልኩ። «የእናንተ ኮምፒውተር የድሮው ነው እንዴ? ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ።

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ለምን ትጮሃለህ?»

«ምን ላድርግ፣ ልዘፍን?»

ተጯጯህን። ሲደክመን፣ «ቆይ፣ እዚያው ፍላሽ ላይ የላይብረሪው ጥሬው አብሮ አለ እኮ። ራስህ ለራስህ ማሽን ገንባው» አለኝ። ይህን መጀመሪያ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? እሺ፤ ላይብረሪውን ራሱን ገነባሁ። ተሳካ። አሁን የጎደለ የለም። ሁሉም ባለቤት ቤት ውስጥ አለ። በኩራት ግንባታውን አስጀመርኩ።

«አንዲፋይንድ ረፈረንስ!»

እንዴ! ይኸው አለ እኮ! ላይብረሪው እዚያው አጠገብሽ ተቀምጧል እኮ! ስሙን አየሁ፣ ትክክል ነው። ፋይሉን ከፍቼ አየሁ፣ የተጠራው ነገር ውስጡ አለ። እንደገና አስጀመርኩ፣ «የለም» አለች። እንደገና አስጀመርኩ፣ «የለም» አለች። ፊቱ የቆመን ሰው የለም የሚል ፍጡር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እርር ድብን አልኩ። ጠረጴዛውን መታሁት፤ ጠረጴዛው ምን አደረገ? እኔም አላውቅም።

ሰናይት እጄን ያዘችኝ። «ተወው በቃ። ሰኞ አልሄድም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ደክሞሃል። እደውልና አልችልም እላቸዋለሁ። ሌላ ሥራ ይመጣል።»

ሌላ ሥራ እንደማይመጣ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሁለት ሰው ለአንድ ወንበር የሚባለው የትም ቦታ ይባላል። ድምጿ ውስጥ ለቅሶ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። የለም። ዝም ብላ የለመደችው ነገር እንደሆነ ሁሉ ነው የምትናገረው። ያኔ ነው በእውነት የተቆጣሁት። እስከዚያ የተቆጣሁት ለካ ጨዋታ ነበር።

ግንባታውን የማዝዝበት መስመር ላይ የላይብረሪዎቹ ስም በተርታ ተጽፏል። ከፊት ያስቀመጥኩት ያንን አሁን የገነባሁትን ትልቁን ነው፤ ሁሉም የሚጠራው፣ የሁሉም አባት የሆነውን። ትንንሾቹ ከኋላው ተሰልፈዋል። ታዲያ እንዴት ላድርግ? እኔ ያደግሁት እዚህ ነው። ሐጂ ሙሜ ሲገቡ ተነስቼ፣ መጀመሪያ እሳቸው እጃቸውን ታጥበው፣ መጀመሪያ ለእሳቸው ቀርቦ፣ ነው ያደግሁት። ትልቅን ከኋላ ማሰለፍ በሐሳቤም አልመጣም። እጄ ራሱ እሺ አይለኝም።

አሁን ግን ደሜ ፈልቷል። «አንተ ነህ ቤቱን የምታውከው! ትልቅ ነው ብዬ ከፊት ባስቀምጥህ ናቅኸኝ! በል ውጣ፣ ወደ በር!» ብዬ ስሙን ከፊት ነቅዬ መስመሩ መጨረሻ ላይ ወረወርኩት። አስቤ አይደለም። ለማዋረድ ነው።

ሴትዮዋ ምንም አላለችም።

ጠበቅን። ምንም። አንድ «የለም» እንኳ አልወጣትም። ግንባታው አልቋል።

በኋላ ሲገባኝ ይሄ ሊንከር ስሞቹን ከፊት ወደ ኋላ ነው የሚያየው። መጀመሪያ ትልቁን ያገኛል፤ «አንተን እስካሁን የጠራህ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ማንም ገና አልጠራውም፣ እሱ ቀድሞ መጥቷላ! «እንግዲያው አያስፈልግም» ብሎ ያሰናብተዋል። ከዚያ ትንንሾቹ ይመጡና «ትልቁ የት አለ?» ሲሉ፣ «የለም» ይላል። ራሱ አባርሮ ራሱ የለም! የአክብሮት ቦታ መጨረሻ ነው ለካ። ይህን ለሐጂ ሙሜ ብነግራቸው እጃቸው ጫቱ ላይ ቀረ።

«ሽማግሌን ቀድሞ መጣህ ብሎ ያባርራል?»

«አዎ ሐጂ።»

«አስተግፊሩላህ! ማን ነው ያሳደገው?» አሉ። እውነት ማን ነው ያሳደገው?

ግንባታው እንዳለቀ እናቴ እልል አለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ሴትዮዋም ረጋ ብላ፣ ላይብረሪው አልተገኘም፣ ፕሮግራሙ ሊከፈት አይችልም አለች። እልልታው መሀል ላይ ተቋረጠ። አሁን ያ ክፉ ሊንከር ራሱ ያገናኘውን ላይብረሪ፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ደግሞ የት እንዳለ አላውቅም ይላል! ወንበሩን ይዤ ተነሳሁ፤ ምን ላደርገው እንደነበር እግዜር ይወቅ። ሰናይት «ቁጭ በል! የት እንዳለ ንገረዋ!» ብላ ጮኸችብኝ። ሰናይት ጮኻ አታውቅም። ቁጭ አልኩ። ላይብረሪው የተቀመጠበትን ቦታ ጽፌ ነገርኩት።

ተከፈተ። ጉንፋን የያዘው ዲያቆን የመሰለ ድምፅ፣ በአማርኛ፣ ፊደል እየገፋ፣ «እንኳን ደኅና መጡ» አለ።

 ሐጂ ሙሜ እንኳ ማላመጥ አቆሙ። ሰናይት ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ እየሄዱ አንድ ፋይል ፈለገች፣ ሌላ ፈለገች፣ ከዚያ ቆመች።

«ውጡ» አለች።

«ማን?» አለች እናቴ።

«ሁላችሁም። ትንሽ ልጠቀምበት።»

«እኔም?» አልኩ።

«አንተማ በተለይ።»

«ምን ልታነቢ ነው?»

«ምን አገባህ?» አለችኝ።

እስቲ ፍረዱ! ጣራ ላይ የወጣሁት እኔ፣ ሂርና ድረስ የሄድኩት እኔ፣ የከድጃን ሆጃ ስጠጣ የዋልኩት እኔ፣ ምን አገባህ! በሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ማዳመጫ ሰክታ ዘጋችብኝ። ሐጂ ሙሜ በረንዳ ላይ ሆነው «ና፣ ኢንጂነር፣ ጫት ያዝ» አሉኝ። አልያዝኩም። ተናድጃለሁ።

ሰኞ አብሬያት ሄድኩ። ሥራውን ማግኘቷን አሁኑኑ ልንገራችሁና ልገላገል፤ አግኝታለች፣ ዛሬም እዚያው ናት። እኔ የምላችሁ ስለ በሩ ነው። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ እስከ ፈተናው ክፍል በር አደረስኳት። ልገባ ስል እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ አቆመችኝ፣ ኮምፒውተሩን ከእጄ ወሰደች፣ ገባች፣ በሩን ራሷ ዘጋችው።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ተቀመጥኩ። ቢበላሽስ? ላይብረሪውን እንደገና የለም ቢልስ? ያንን ሊንከር በልቤ እረግመዋለሁ። ከውስጥ ያ ጉንፋናም ድምፅ ተሰማኝ። እየተንተባተበ ያነባል። እሷ ታስቆመዋለች፣ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፣ እንደገና ታስነብበዋለች። እኔን እንኳ እንዲህ አዝዛኝ አታውቅም። እሱ ደግሞ አንድ መስመር አይዘልም።

ጥበቃው የሰፈራችን ልጅ ነው። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ወደ በሩ በአገጩ እያሳየ፣ «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? የሰናይት አንባቢ አይደለህም እንዴ?» አለኝ።

«ነበርኩ» አልኩት።